ቲቪው ከሶኬት ተነቅሎ እያለ መብረቅ በየት ገብቶ አቃጠለው?

የማርቆስ_ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው፤ የምታውቁ እርዱኝ። ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በጮቄ በኩል ሲጠቁር እናቴ እንደ ልማዷ ዲቫይደሩን ከግድግዳው ነቀለችው። ቲቪውም ሪሲቨሩም በዚያው ዲቫይደር ላይ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱም ከመብራት ጋር የሚያገናኛቸው ነገር አልነበረም። መብረቁ ቤታችን ላይ አልወደቀም። ከኛ ወዲያ ያለ ባሕር ዛፍ ላይ ነው የወረደው፤ ዛፉ እስካሁን ተሰንጥቆ ይታያል። ድምፁ ግን ቤቱን ነቀነቀው።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ስንሰካው ሪሲቨሩ ጭራሽ አልበራ አለ። ቲቪው ይበራል፣ ስክሪኑም ጤነኛ ነው፣ ግን ኤችዲኤምአይ 1 ላይ «ሲግናል የለም» ይላል። የጎረቤት ሪሲቨር አምጥቼ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ኤችዲኤምአይ 2 ላይ ሲሆን ይሠራል። ከሁሉ የገረመኝ ራውተሩ ነው። ዋይፋዩ ይሠራል፤ የቲቪው ገመድ የተሰካበት ቀዳዳ ግን ሞቷል፣ መብራቷም አትበራ። የቲቪው የኔትወርክ መግቢያም እንደዚያው።

ቲቪውን የገዛንበት ሱቅ ይዤ ብሄድ «የቮልቴጅ ችግር ነው፣ ዋስትና አይሸፍነውም» አሉኝ። ከመብራት የተነቀለ ዕቃ በምን ቮልቴጅ ይቃጠላል ብዬ ብጠይቅ መልስ የሰጠኝ የለም። እናቴ ደግሞ «ነቅዬዋለሁ እኮ» እያለች እስካሁን ታዝናለች። በየት ነው የገባው?

ዳንግላ_ሰፈር፦
አይዞህ ወንድሜ። ክረምት ላይ የማይቃጠል ነገር የለም። ጥሩ ስታቢላይዘር (ቮልቴጅ የሚያስተካክል ሳጥን) ግዛና ተገላገል። እኔ ቤት ፍሪጁም ቲቪውም በስታቢላይዘር ነው የሚሠሩት፣ እስካሁን ምንም አልሆኑም።

ጥገና_ጣና (ባሕር ዳር)፦
ስታቢላይዘሩን ቆይ፣ እመለስበታለሁ። የማርቆስ ልጅ፣ መጀመሪያ ሦስት ነገር ንገረኝ። ዲቫይደሩ ሲነቀል የዲሹ ገመድ ከሪሲቨሩ ጀርባ ተፈትቷል ወይስ እንደታሰረ ቀረ? ራውተሩ በየትኛው ሶኬት ነው የሚሠራው? በራውተሩና በቲቪው መሀል የኔትወርክ ገመድ ነበረ?

የማርቆስ_ልጅ፦
የዲሹ ገመድ እንደታሰረ ነው። እሱን ማን ይፈታዋል፣ እየተጠመዘዘ የሚጠብቅ ነገር ነው። ራውተሩ በበሩ በኩል ያለው ሌላ ሶኬት ላይ ነው፤ እሱን የነቀለው ሰው የለም። አዎ፣ ቪዲዮ በዋይፋይ ሲሆን ስለሚቆራረጥብን ቲቪውን ከራውተሩ ጋር በገመድ ነው ያገናኘሁት።

ጥገና_ጣና (ባሕር ዳር)፦
እንግዲያው ነገሩ ግልጽ ነው። በዲሹ ገመድ ነው የገባው።

ዲሹ ጣሪያ ላይ ነው፣ ከቤቱ ሁሉ ከፍ ብሎ። መብረቅ ባሕር ዛፉ ላይ ሲወርድ በአካባቢው በተዘረጋ ረጅም ሽቦ ሁሉ ላይ ቮልቴጅ ይፈጥራል። ሽቦውን መንካት አያስፈልገውም። ከዲሹ እስከ ሳሎን የመጣው ገመድ ያንን ኃይል ተቀብሎ ሪሲቨሩ ውስጥ አስገባው። ሪሲቨሩ ከመብራት ስለተነቀለ በዚያ በኩል መውጫ የለውም። የቀረው ኤችዲኤምአዩ ነው፤ በሱ ወደ ቲቪው ተሻገረ። ቲቪውም ተነቅሏል። ከቲቪው የሚወጣው ሌላ ገመድ የኔትወርኩ ብቻ ነው፤ በሱ ወደ ራውተሩ ሄደ። ራውተሩ ሶኬት ላይ ነው። በአዳፕተሩ በኩል የመብራቱን መስመር አገኘና ወጣ።

አሁን የተበላሹብህን ነገሮች እያቸው። ሪሲቨሩ፣ ኤችዲኤምአይ 1፣ የቲቪው የኔትወርክ መግቢያ፣ የራውተሩ አንድ ቀዳዳ። በተርታ የዚያ መንገድ ጣቢያዎች ናቸው። ኤችዲኤምአይ 2 ላይ ምንም ስላልተሰካ ተረፈ። የሱቁ ሰዎች «ቮልቴጅ» ማለታቸው ስህተት አይደለም፤ ግን ማንም ሰው ቮልቴጅ ሲባል የሚያስበው የመብራቱን ገመድ ብቻ ነው። እናትህ የሚነቀለውን ነቅላለች፤ ምንም አላጠፋችም። ዲሹም መነቀል እንዳለበት የነገራት ሰው የለም። እኔ ጋ ክረምት ከገባ ጀምሮ የሚመጣው የቲቪ ብልሽት ብዙው እንዲህ ያለ ነው፤ «ነቅለነው ነበር» የማይለኝ ደንበኛ የለም ማለት ይቻላል።

ቢቸና_መምህር፦
ጥሩ ማብራሪያ ነው። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ያ ሁሉ ኃይል ካለፈ ቲቪው በሙሉ ለምን አልተቃጠለም? ለምን ቀዳዳዎቹ ብቻ?

ጥገና_ጣና (ባሕር ዳር)፦
መምህር፣ ዋናው ነገር እሱ ነው። መብራት የሚገባበት የዕቃው ክፍል 220 ቮልት እንዲችል ተብሎ የተሠራ ነው። ፊውዝ አለው፣ ሻል ያለ ደግሞ ቮልቴጅ ከልክ ሲያልፍ የሚያፍን ቫሪስተር የሚባል ክብ ዕቃ አለው። የዳታ ቀዳዳ ግን እንደዚያ አይደለም። ኤችዲኤምአይ ምስል የሚያስተላልፍባቸው ሽቦዎች በ3.3 ቮልት አካባቢ ናቸው፣ የምልክቱ ከፍታና ዝቅታ ደግሞ ግማሽ ቮልት ገደማ ነው። ዩኤስቢ 5 ቮልት ነው፤ የዳታ እግሮቹ ከዚያም ያንሳሉ። ሪሲቨር ወደ ዲሹ የሚልከው 13 ወይም 18 ቮልት ነው። እነዚህ ሽቦዎች በቀጥታ የሚገቡት ከፀጉር የቀጠነ መስመር ያለው ቺፕ ውስጥ ነው። ለመግደል ብዙ አያስፈልግም።

ከጀርባቸው ትንንሽ መከላከያ ዳዮዶች ይደረጋሉ። የተሠሩት ግን ሰው በእጁ ሲነካ ለምትፈነጥቀው ብልጭታ ነው። የእጅ ብልጭታ ቮልቴጁ ሺዎች ቢደርስም ጉልበት የለውም፤ በናኖ ሰከንድ ያልቃል። መብረቅ በገመድ ላይ የሚፈጥረው በማይክሮ ሰከንድ የሚቆጠር ነው፣ ጉልበቱም በጣም ይበልጣል። ዳዮዱ ራሱን መስዋዕት አድርጎ ይሞታል፤ ዕድለኛ ከሆንክ ጉዳቱ እዚያ ይቆማል።

ኔት_ሠሪ (ባሕር ዳር)፦
እኔ ኔትወርክ ነው የምዘረጋው፣ ጥገና_ጣና ያለው ላይ ልጨምር። የኔትወርክ ቀዳዳ ከሌሎቹ ይሻላል። ውስጡ ትንንሽ ትራንስፎርመሮች ስላሉት ሽቦው ከቺፑ ጋር በቀጥታ አይገናኝም፤ በስታንዳርዱ መሠረት 1500 ቮልት ለ1 ደቂቃ መቻል አለበት። ኤችዲኤምአይና ዩኤስቢ ይህ የላቸውም። ግን መብረቅ ላይ 1500 ቮልት ምንም ማለት አይደለም። አንድ መብረቅ ወደ 30,000 አምፔር ይሸከማል። የመሬቱ መቋቋም 10 ኦም ቢሆን መብረቁ የወረደበት ቦታ ላይ 300,000 ቮልት ይፈጠራል ማለት ነው። እየራቅህ ስትሄድ ይቀንሳል፤ ከዚያ ላይ መቶኛው እንኳ ቢደርስህ 3,000 ነው።

በሥራዬ ብዙ የማየው ከቤት ውጭ የወጣ የኔትወርክ ገመድ ነው። ግቢ በር ላይ ካሜራ ይሰቀላል፣ ገመዱ በአጥሩ ላይ ይሄዳል፣ ከዚያ ሳሎን ያለው መቅረጫ ላይ ይሰካል። ወይም ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪስ ቤት ኢንተርኔት ይሳባል። አንድ ቀን ይነጉዳል፣ መቅረጫው፣ ስዊቹና ራውተሩ አብረው ይሄዳሉ። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት መዳብ አትዘርጉ። ወይ በዋይፋይ አሻግሩት፣ ወይ በፋይበር።

ኢንጅባራ_7፦
ፋይበር ያስገባን ሰዎችስ? መስታወት ኮረንቲ አያስተላልፍም ሲባል ሰምቻለሁ።

ኔት_ሠሪ (ባሕር ዳር)፦
መስታወቱ አያስተላልፍም፣ እውነት ነው። ከድሮው የስልክ መስመር ጋር ሲነጻጸር ትልቅ እፎይታ ነው፤ የስልኩ መስመር በምሰሶ ላይ ረጅም መንገድ የሚሄድ መዳብ ስለሆነ ሞደም ሲፈጅ የኖረው እሱ ነው። ሁለት ነገር ግን ልብ በል። ከምሰሶ ወደ ቤት የሚሳበው የፋይበር ገመድ ክብደቱን የሚሸከምለት የብረት ሽቦ ሊኖረው ይችላል። ያ ሽቦ ውጭ ላይ ተቆርጦ መቅረት አለበት፤ ቤት ውስጥ እስከ ሳጥኑ ድረስ መግባት የለበትም። ሌላው፣ የፋይበሩ ሳጥን መብራት ላይ ነው የሚሰካው፣ ከሱም የኔትወርክ ገመድ ይወጣል። የማርቆስ ልጅ ራውተር እንደሆነው በሌላ በኩል የመጣ ኃይል በዚያ ሊያልፍ ይችላል።

ዳንግላ_ሰፈር፦
ታዲያ ስታቢላይዘር አይጠቅምም እያላችሁ ነው? ሰው አታሳስቱ። እኛ ጋ ማታ ማታ መብራቱ ይደክማል፣ ሌሊት ደግሞ ይጨምራል። ስታቢላይዘር ባይኖር ፍሪጄ ዛሬ አይኖርም ነበር።

ጥገና_ጣና (ባሕር ዳር)፦
ለዚያማ ይጠቅማል፣ አትጣለው። ስታቢላይዘር የተሠራው ቀስ ብሎ ለሚወርድና ለሚወጣ ቮልቴጅ ነው። ውስጡ ያለው ሪሌ ቀጭ ብሎ እስኪቀይር አሥርና ሃያ ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። መብረቅ ያመጣው ነገር ግን ከ1 ሚሊ ሰከንድ በታች መጥቶ አልፏል፤ ስታቢላይዘሩ ገና አላወቀም። ከሁሉ በላይ ግን የቆመው በመብራቱ መስመር ላይ ነው። የዲሹ ገመድ በሱ በኩል አያልፍም፤ የስልኩም፣ የካሜራውም አያልፍም።

መብራት ሲመጣ የሚቆጥርና ቆይቶ የሚለቅቅ መከላከያም እንዲሁ ነው። ኃይሉ ሲመለስ ከሚመጣው የመጀመሪያ ምት ያድናል፣ ከዲሹ ከሚመጣው አያድንም። «ሰርጅ» (ድንገተኛ የቮልቴጅ ምት) መከላከያ የሚል የተጻፈበት ዲቫይደር ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ውስጡ ያለው ቫሪስተር ኃይሉን በደንብ ማውረድ የሚችለው ኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ፣ ካለ ነው። ኧርዝ በሌለው ሶኬት ላይ ከሆነ ሦስተኛው እግር ከንቱ ነው። ደግሞ ቫሪስተር በየምቱ እየደከመ ይሄዳል፤ ዓመታት የቆየ ከሆነ መብራቷ ስለበራች ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም።

ሰብለ_ፍኖተሰላም፦
እኔ የገጠመኝ መብረቅ ሳይኖር ነው። ሪሲቨሩንና ቲቪውን ሳገናኝ ሁሌም ይነዝረኛል። የገመዱን ብረት ስነካው ጣቴን ጠቅ ያደርገኛል። አንድ ቀን ሁለቱም እንደበሩ ኤችዲኤምአዩን ስሰካ ትንሽ ብልጭታ አየሁ፣ ከዚያ ወዲህ ቲቪው በዚያ ቀዳዳ አይቀበልም። ሠሪው ደግሞ «ገመዱ ነው» ብሎ አዲስ ገመድ ሸጠልኝ፤ ምንም አልተለወጠም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ይህስ ምንድን ነው?

ጥገና_ጣና (ባሕር ዳር)፦
እህቴ፣ ይህ በየቤቱ ያለ ነገር ነው፣ የሚጽፍበት ሰው ግን አላየሁም። በቲቪና በሪሲቨር የኃይል ክፍል ውስጥ ከመብራቱ ወደ ዕቃው ብረት የሚሻገር ካፓሲተር የሚባል ቻርጅ የሚይዝ ትንሽ ዕቃ አለ። የሚደረገው የሬዲዮ ጭረት እንዳይፈጠር ነው፤ ብልሽት አይደለም። ኧርዝ ቢኖር በሱ በኩል የሚሾልከው ወደ መሬት ይወርድ ነበር። ኧርዝ በሌለበት ግን የዕቃው ብረት በመብራቱ ቮልቴጅ ግማሽ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። መለኪያ ብታስገቢ 110 ቮልት አካባቢ ታገኛለሽ። የሚሾልከው ከ1 ሚሊ አምፔር በታች ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይገድልም። አጥብቆ የሚመታሽ ከሆነ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፤ ዕቃውን ንቀዪና አስመርምሪ።

አሁን ኤችዲኤምአዩን ስትሰኪ የሁለቱ ዕቃዎች የቮልቴጅ ልዩነት በገመዱ በኩል ይፈሳል። የገመዱ የብረት ሽፋን ቀድሞ ከነካ ችግር የለም፣ የተሠራውም እንዲያ እንዲሆን ነው። ጠመም ብሎ ከገባ ወይም ቀዳዳው ከላላ ግን ከዳታ እግሮቹ አንዱ ቀድሞ ይነካል፣ 110 ቮልቱ 3.3 ቮልት በለመደው ቺፕ ላይ ያርፋል። ዲሹ ደግሞ ጣሪያ ላይ ብረቱን ነክቶ፣ በዝናብ ርሶ ከመሬት ጋር ከተገናኘ ልዩነቱ ይብሳል።

መድኃኒቱ ብር አይጠይቅም። መጀመሪያ ሁሉንም ከመብራት ንቀዪ። የዲሹን፣ የኤችዲኤምአዩን፣ የስፒከሩን ገመድ ሁሉ አገናኚ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሶኬት የሚሰካው። ቀለል ያለ ሥራ ነው፣ ግን በመብራት ላይ እያለ ነቅሎ የሚሰካው ሰው ብዛት ያሳዝናል፤ ሠሪዎች ነን የሚሉትም ሳይቀሩ።

ቢቸና_መምህር፦
የኛ ትምህርት ቤት ፕሮጀክተር ችግር ተገለጠልኝ! ፕሮጀክተሩ ጣሪያው ላይ ነው፣ መብራቱን የሚያገኘው ከጎን ክፍል በተሳበ መስመር ነው። ላፕቶፑ ደግሞ ከመምህሩ ጠረጴዛ ሶኬት። ረጅም ኤችዲኤምአይ ገመድ ከላይ ይወርዳል። በየጊዜው መምህራን የየራሳቸውን ላፕቶፕ ይዘው ሲመጡ እንደበራ ነው የሚሰኩት። የላፕቶፕ ኤችዲኤምአይ ሲሞት «ላፕቶፑ አሮጌ ነው» ይባላል። የተማሪ ውጤት የሚሠራበት ላፕቶፕ ነው እኮ፣ ለመምህር የስንት ወር ደመወዝ ነው።

ኔት_ሠሪ (ባሕር ዳር)፦
መምህር፣ ላፕቶፑንና ፕሮጀክተሩን ከአንድ መስመር አድርጓቸው። ያ ብቻውን ብዙ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ የላፕቶፑ ቻርጀር ሦስተኛ እግር ተሰብሮ ወይም በማገናኛ ታልፎ እንደሆነ እዩ፤ ብዙ ቦታ ሦስቱን እግር ወደ ሁለት የሚቀይር ማገናኛ ነው ያለው፣ ኧርዙ እዚያ ላይ ይቀራል። ለጊዜው ግን ቀላሉ ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅሎ በባትሪ እያለ ገመዱን መሰካት ነው። በባትሪ ያለ ላፕቶፕ ከመብራት ጋር ስለማይገናኝ ልዩነት አይፈጥርም።

የቡሬ_ኮምፒውተር፦
እኔ ጽሑፍና ኮፒ ቤት ነው ያለኝ። ዩኤስቢውን አትርሱት። ደንበኛ ስልኩን ቻርጅ አድርግልኝ ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካል፣ ሌላው ፍላሽ ያመጣል። አንድ ጊዜ የአንዱ ደንበኛ ገመድ ጫፉ ተጎድቶ ሽቦዎቹ ተነካክተው ነበር፣ ከፊት ያሉት ሁለቱም ዩኤስቢዎች ሞቱ። አሁን ስልክ ለብቻው ቻርጀር ላይ ነው፤ ፍላሽ የምቀበለው ርካሽ ማባዣ ላይ ነው። ቢቃጠል ማባዣው ይቃጠላል።

ሆን ተብሎም ይደረጋል። ፍላሽ የሚመስል፣ ከዩኤስቢው 5 ቮልት እየሳበ ካፓሲተር ሞልቶ ወደ 200 ቮልት አድርጎ በዳታ እግሮቹ ላይ መልሶ የሚለቅቅ ዕቃ አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አልባኒ ከተማ ባለ ኮሌጅ የቀድሞ ተማሪ የነበረ ሰው በዚህ ዕቃ 66 ኮምፒውተር አበላሽቶ ፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኗል። የማታውቁትን ፍላሽ ዋናው ኮምፒውተራችሁ ላይ አትስኩ።

ሰብለ_ፍኖተሰላም፦
አዲሶቹ ስልኮች ላይ ያለው ዩኤስቢ-ሲ የሚባለውስ?

የቡሬ_ኮምፒውተር፦
እሱ ላይ ኃይሉ ጨምሯል። ድሮ 5 ቮልት ብቻ ነበር፤ አሁን ስልኩና ቻርጀሩ ተነጋግረው 9፣ 15፣ 20 ቮልት ድረስ ይወጣሉ፣ ላፕቶፕም በሱ ይሞላል። ኃይሉ የሚያልፍበት እግር ከሚነጋገሩበት እግር ጎን ለጎን ነው፤ መሀላቸው ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ቀዳዳው ውስጥ የጤፍ ዱቄት፣ አቧራ፣ እርጥበት ገብቶ 20 ቮልቱ ወደ ጎን ካለፈ ነገሩ አበቃ። ክረምት ላይ ስልክ ረጥቦ ከሆነ ሳይደርቅ አትስኩ። ርካሽ ቻርጀር ደግሞ መብራቱን ከስልኩ የሚለየው መከላከያ ደካማ ነው፤ ያ ሲበሳ 220 ቮልቱ በገመዱ ይመጣል። ያኔ የሚጎዳው ስልኩ ብቻ አይደለም፣ የያዘው ሰውም ነው።

መራዊ_ገጠር፦
እኛ ጋ ሶላር ነው ያለው። ይህ ሁሉ እኛን ይመለከተናል?

ጥገና_ጣና (ባሕር ዳር)፦
ይመለከታችኋል። ፓነሉ ጣሪያ ላይ ነው፣ ገመዱ ረጅም ነው። እንደ ዲሽ አስበው። ነጎድጓድ ሳይቀርብ የፓነሉን ገመድ ከመቆጣጠሪያው ንቀል፣ በዚያ ሰዓት ስልክ በሱ ላይ አታስቀምጥ።

አዊ_ኧርዝ (ኢንጅባራ)፦
ሁላችሁም ኧርዝ ኧርዝ እያላችሁ ነው፣ እኔም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝና በዚህ ላይ ትንሽ ልበል። ሰው ስለ ኧርዝ የሚያስበው እንደ ትርፍ ነገር ነው። ቤት ሲሠራ ሶኬቱ ባለ ሦስት ቀዳዳ ይገዛል፤ ከጀርባው ግን ሦስተኛ ሽቦ የለም። ገበሬ ማሳው ላይ ፈሰስ የሚያወጣው ጎርፉን ለማቆም አይደለም፤ ጎርፉ ሰብሉን ሳይነካ በጎን እንዲያልፍ ነው። ኧርዝም ሥራው ይኸው ነው።

አጥብቄ የምናገረው ግን ይህን ነው። ለዲሹ ለብቻው ዘንግ ተክላችሁ ለቤቱ ሌላ ዘንግ ካላችሁ ሁለቱን በወፍራም መዳብ አገናኟቸው። ካልተገናኙ ከመቅረትም ይብሳል። መብረቅ በአንዱ ሲወርድ የአንዱ መሬት ቮልቴጅ ሽቅብ ይወጣል፣ የሌላው ይቀራል፤ ልዩነቱን የሚሸከመው ሁለቱን የሚያገናኘው ዕቃ ነው፣ ማለትም ሪሲቨራችሁና ቲቪያችሁ። የዲሹ ገመድ ወደ ቤት ሲገባ ግድግዳው ላይ ሽፋኑን ከኧርዝ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ማያያዣ ይደረግለት። ሥራውን ሙያተኛ ይሥራው። ኒውትራሉን (የመብራቱን መመለሻ ሽቦ) ከኧርዝ ጋር ራሳችሁ አታገናኙ፤ ያ ሰው ይገድላል። በጋ ላይ አፈሩ ሲደርቅ ኧርዝ ይደክማል፣ ስለዚህ ዘንጉ ጠለቅ ብሎ እርጥበት ወዳለበት መውረድ አለበት።

ዳንግላ_ሰፈር፦
ዲሽን ኧርዝ ማድረግ መብረቅ ይጠራል የሚሉ አሉ። ሽማግሌዎችም እንዲያ ይላሉ። እውነት ነው?

አዊ_ኧርዝ (ኢንጅባራ)፦
አይጠራም። ዲሹ ብረት ነው፣ ጣሪያ ላይ ነው፤ የሚታየው ነገር ሽቦው በመኖሩ አይለወጥም። የሚለወጠው ከመጣ በኋላ የሚሄድበት መንገድ ነው። በቀጥታ ዲሹን ከመታው ግን እውነቱን ልንገርህ፣ የቤት ኧርዝም ሆነ ማንኛውም ዲቫይደር ዕቃህን አያድንልህም። ኧርዝ የሚያድነው አካባቢ ላይ ከወደቀው ነው፤ እሱ ደግሞ ከቀጥታው በጣም ይበዛል።

ጋሼ_ሞጣ፦
ልጆቼ፣ ሁላችሁም ስለ ዕቃ ስታወሩ ስለ ሰው ልናገር። ነጎድጓዱ ከቀረበ በኋላ ገመድ ለመንቀል አትሩጡ። እጃችሁ የዲሹን ገመድ ይዞ ሳለ ቢመጣ በእናንተ ነው የሚያልፈው። ብልጭታውን አይታችሁ እስከ ድምፁ ቁጠሩ፤ ድምፅ በ3 ሰከንድ ወደ 1 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ገና ከሩቅ ሲያጉረመርም ነው የሚነቀለው። ቆጠራው 30 ሰከንድ ሳይሞላ ድምፁ ከደረሳችሁ ዕቃው ይቅር፣ ከገመድ ራቁ። ዲሽ ለማስተካከል ጣሪያ ላይ መውጣትማ አይታሰብም። በየክረምቱ ዛፍ ሥር የተጠለሉ እረኞችን የምንቀብር ሰዎች ነን፣ ለቲቪ ብላችሁ እናንተን አንቅበር።

የማርቆስ_ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ለእናቴ ይህንኑ አነበብኩላት። ጥገና_ጣና፣ ቲቪውን ሠሪ ጋ ወሰድኩት። መጀመሪያ «ማዘርቦርዱ ይቀየር» አለኝ። በኤችዲኤምአይ 1 ጀርባ ያሉትን መከላከያ ዳዮዶች ለካሃቸው ወይ አልኩት፤ ሲለካ አንዱ ከመሬት ጋር ተጣብቆ ተገኘ። እሱን ቀየረው፣ ሠራ። የኔትወርኩ መግቢያ ግን አልተመለሰም፤ በዋይፋይ እየተጠቀምን ነው። ሪሲቨሩ ዲሹን የሚመግበው ክፍሉ ነው የተቃጠለው፣ ከዋጋው ጋር ስለማይመጣጠን ተውኩት። አሁን የዲሹን ገመድ ለእናቴ በቀላሉ የሚነቀል እንዴት ላድርግላት? መጠምዘዙ ለእጇ ይከብዳታል።

ጥገና_ጣና (ባሕር ዳር)፦
ጥሩ ሠሪ ነው ያገኘኸው፣ ለክቶ የሚሠራ። ለእናትህ እየተገፋ የሚገባ፣ የማይጠመዘዝ ጫፍ አለ፤ የዲሽ ዕቃ የሚሸጥ ቤት ጠይቅ። ጫፉን ከሪሲቨሩ ጀርባ ሳይሆን ገመዱ ከሚገባበት መስኮት አጠገብ አድርገው፣ መነካካት እንዳይኖርበት። ሲነቀል ደግሞ ከቲቪው ጎን ተንጠልጥሎ አይቅር። ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ፣ ብልጭታ አየር ላይ ይዘላል። የራውተሩንም አዳፕተር በዚያው ሰዓት ትንቀል።

የማርቆስ_ልጅ፦
እሺ። ራውተሩ የቀሩት ሦስት ቀዳዳዎች ይሠራሉ፤ ልጠቀምባቸው ወይስ ልቀይረው?

ኔት_ሠሪ (ባሕር ዳር)፦
ተጠቀምባቸው፣ ግን ለተወሰነ ጊዜ ተከታተለው። ከተለመደው በላይ የሚሞቅ ከሆነ ወይም በራሱ እየጠፋ የሚነሳ ከሆነ ቺፑ ተጎድቷል፣ ቀይረው። የሞተው ቀዳዳ ላይ ማንም ምንም እንዳይሰካበት በፕላስተር ለጥፈው።